ቀይ ክር በአረንጓዴ ጨርቅ

ከመጀመሬ በፊት ልማል። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ ከራስጌው እስከ ግርጌው እውነት ነው። ብዋሽ፣ ይቺ በየቀኑ የምገፋት ባለ ጎማ አልጋ እኔኑ አጋድማ ትሂድ። እርግጥ ነው፣ የምሠራበት ሆስፒታል ገብታችሁ «ቱልቱላ ማለ» ብትሏቸው ይስቃሉ። ይሳቁ። አሳንሰር ውስጥ ከአንዲት ፍየል ጋር አራት ሰዓት ተዘግቶብኝ ነበር ብዬ የማልኩትን አልረሱትም። እዚያ ላይ ትንሽ ጨምሬ ነበር፤ አራት ሰዓት አልሞላም።

ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ይሄኛውን ሳወራ እግሬን ይደክመኛል፤ ውሸት ሳወራ ደክሞኝ አያውቅም።

ሥራዬ በሽተኛ መግፋት ነው። ከአልጋ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ከኦፕራሲዮን ክፍል ወደ አልጋ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው፤ ሰባተኛን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ ግን ስምንተኛን እንደጨረስኩ እቆጥረዋለሁ።

አብሮ አደጌን ሰፈሩ «አይነቅዝም» ይለዋል። «ዝም አይነቅዝም» ከሚለው ተረት የወጣ ስም ነው፤ ያወጣሁለትም እኔ ነኝ። በቀን ሦስት ዓረፍተ ነገር ከተናገረ በማግስቱ ጉሮሮውን ያመዋል። አንድ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ጤነኛውን ጥርሱን ይዞ ሲጎትት፣ ሰውዬው እንዳይቀየም ብሎ ዝም አለ። እስከ ዛሬ በቀኝ በኩል አያኝክም።

እናቱ የሕንፃ ዕቃ መደብር አላቸው። ሚስማር፣ ቧንቧ፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍ። እሳቸውን ደግሞ «እትዬ ሚዛን» እንላቸዋለን፤ ሚስማሩን በኪሎ፣ ሰውን በዓይን ስለሚመዝኑ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ያን ቤት በሁለት እጃቸው ደግፈው ያቆሙ ሴት ናቸው፤ ክፉ ናቸው ብዬ አላማቸውም። ደክሟቸው የተቀመጡበትን ቀን ግን አላየሁም። ሌላ ሰው ሲቀመጥም አይወዱም።

ሚስቱን ሰፊዋ እላታለሁ። እኛው ሆስፒታል ውስጥ፣ ምድር ቤት፣ ጨርቅ ክፍል ነው የምትሠራው። ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሰው ላይ የሚነጠፈውን አረንጓዴ ጨርቅ የምትሰፋው፣ የተቀደደውን የምትጥፈው፣ በካውያ የምትተኩሰው እሷ ናት። ያሳደገቻት አክስቷ እዚያው ልብስ አጣቢ ነበረች። እንግዲህ አስቡት፣ የመደብሩ ልጅና የልብስ አጣቢዋ ልጅ።

የተገናኙትም በኪስ ነው። ቧንቧ ሊያደርስ መጥቶ የኮቱ ኪስ በበር እጀታ ተቀደደ። «ና፣ ቁም፣ አትነቃነቅ» ብላ እንደለበሰው ሰፋችለት። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ እሷ መርፌዋን እያየች፣ አንዴ ብቻ ዓይን ለዓይን ተጋጩና መርፌዋ ጣቷን ወጋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ኪስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀደድ ጀመር። በምላጭ ነበር የሚቀደው፤ ምላጩን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

እትዬ ሚዛን ሠርጉን ዝም ብለው አሳለፉት። «መርፌና ሚስማር ምን አገናኘው» ከማለት በቀር።

አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ልጅ የለም። እትዬ መጀመሪያ በዓይን ጠየቁ፣ ቀጥሎ በምሳሌ፣ በመጨረሻ ደንበኛ ፊት። «የማታፈራ ዛፍ ጥላዋስ ለማን ነው?» ይላሉ፣ ማጠፊያ ለሚገዛ ሰውዬ። ሰውዬው ማጠፊያውን ይዞ ይወጣል፣ ቃሉ ግን እዚያው ይቀራል። ሰፊዋ ከሥራ ስትመለስ ያንኑ ቃል ረግጣ ነው ወደ ጓዳ የምታልፈው።

በዚህ መሀል አይነቅዝም ማንም ሳያውቅ ተመረመረ። ሐኪማችን ቀጭን ናቸው፤ በቁልፍ ቀዳዳ ያልፋሉ እንላለን። የመደብር ልጅ መሆኑን ሲሰሙ በሱ ቋንቋ አስረዱት።

«የምትሸጡት ቫልቭ አለ አይደል? ውኃውን ወደ ላይ አሳልፎ ወደ ታች የማይመልስ።»

«አለ።»

«በደም ሥርህም ውስጥ አለ። ያንተ ግን አያጠብቅም። ደሙ ወደ ላይ መውጣት ሲገባው ወደ ታች ይመለስና በግራው ቆለጥህ ዙሪያ ይጠራቀማል። ሥሮቹ ያብጣሉ፣ ይጠማዘዛሉ። ሙቀት ይበዛል፤ ዘሩ ይደክማል። ቫሪኮሲል ይባላል። ብዙ ወንድ አለበት፤ ብዙ ወንድም አይናገርም።»

ውጤቱን በወረቀት ሰጡት። እንግዲህ አስተዋይ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ይዞ ሚስቱ ዘንድ ይሄዳል። የኔ ወንድም ግን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የኮቱን ገበር ቀደደና ወረቀቱን እዚያ ከተተው። ቀዳዳውን ደግሞ ራሱ ሰፋው። ክሩን ከሷው ሣጥን ነው የሰረቀው፤ በግራጫ ገበር ላይ ቀይ ክር! የሰፊ ባል ሆኖ ነውሩን በስፌት ደበቀ። ከአሳ አጥማጅ የሰረቁትን አሳ በራሱ በአጥማጁ መረብ ውስጥ እንደመደበቅ ማለት ነው።

እሷም አላየችም። አላየችም ብሎ አመነ። እኔም አመንኩ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት እትዬ ሚዛን ቃሉን እያከበዱ ሄዱ። አንድ እሑድ ዘመድ ሰብስበው፣ «ልጄ ወጣት ነው፤ አንቺም ሄደሽ ትንሽ ዕረፊ» አሏት። ዕረፊ! ያቺ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት በሕይወቷ ዕረፊ የተባለችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሣጥኗን ልሸከምላት ስለተጠራሁ እኔም ነበርኩ። በሩ ላይ ዞራ አየችው። እንዲህ ያለ አስተያየት አይቼ አላውቅም፤ አንድ ቃል ብቻ፣ ግማሽ ቃልም ይበቃኛል የሚል። እሱ ወለሉ ላይ የወደቀች አንዲት ሚስማር ያያል። እሷም ቀስ ብላ፣ ግድግዳው ላይ ወደተንጠለጠለው ኮቱ ሄደች። ገበሩን፣ ልጅ እንደምታስተኛ እናት፣ በመዳፏ ሁለት ጊዜ ዳበሰችው። ከዚያ ወጣች።

መንገድ ላይ አላለቀሰችም። «ቱልቱላ፣ ቀስ በል፣ ደክሞኛል» ብቻ አለችኝ።

*

ይህ ከሆነ ዓመት ከሁለት ወር ሲሆነው፣ አይነቅዝም ከነኮቱ ወደኔ መጣ። ዕቃ ያነሳ ቀን ግራ ጎኑ እርሳስ እንደተንጠለጠለበት ይከብደዋል፤ ሲመሽ መቆም አይችልም። ሐኪሙ ዘንድ ተመልሶ ነበር።

«ከብሽሽት ከፍ ብሎ ሁለት ጣት የማይሞላ ቀዳዳ ነው አሉኝ» አለ። «በማጉያ እያዩ የተበላሹትን ሥሮች ብቻ ይቋጥራሉ። ጠዋት ገብቶ ከሰዓት መውጣት ነው።»

«ልጅስ?»

«ብዙ ሰው በወራት ውስጥ ዘሩ ይበረታል አሉ። ‹ልጅ ቃል የሚገባልህ ሐኪም ካገኘህ ግን ሽሸው› አሉኝ።»

ቆጠርኩለት፤ ያን ቀን ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ተናግሯል። አሥረኛው ይሄ ነበር፦ «ለማንም እንዳትናገር። በተለይ ለሷ።»

ማልኩለት። ቱልቱላ ምስጢር ጠባቂ ሆነ! ግን ሁለታችንም አንድ ነገር ረስተን ነበር።

በሆስፒታላችን ደንብ አለ። በነጋታው የሚደረጉት ኦፕራሲዮኖች ዝርዝር ከሰዓት በኋላ ተጽፎ ወደ ጨርቅ ክፍል ይወርዳል፤ የበሽተኛው ስም፣ ዕድሜው፣ የሚቀደደው ቦታ። ሰፊዋም በዚያው መሠረት ቀዳዳው ሰፊ የሆነውን፣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነውን ጨርቅ ትመርጥና ለያንዳንዱ በሽተኛ ለየብቻው ጠቅልላ ወደ እንፋሎቱ መቀቀያ ትልከዋለች። ዝርዝሩን የሚያወርደው ማን ነው? ይኸው፣ የማለው ሰውዬ።

ደረጃው ላይ ቆምኩ። ወረቀቱን ልዋጠው አሰብኩ። በኋላ ግን የተሻለ ዘዴ መጣልኝ። ከመዝገብ ቤት አንድ ነጭ ወረቀት ለመንኩና ዝርዝሩን እንደገና ገለበጥኩት። የወንድሜ ስም ያለበት ቦታ ላይ የበር ዘበኛችንን ስም ጻፍኩ።

ሰፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አነበበችው።

«ጋሼ ዘበኛው?»

«አዎ።»

«ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው እኮ።»

«ሰው ተስፋ አይቆርጥም።»

«ሚስታቸውስ?»

«እሷማ ሰባ ናት። ገና ናት።»

ሳቀች። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ስትስቅ አላየኋትም ነበር፤ ሳቋ ራሱ ዝገት ነበረበት። ወዲያው ግን እጇን ዘረጋች።

«ዋናውን አምጣ።»

«የምን ዋና?»

«ሐኪሙ መቼ ነው የሚነበብ ጽሑፍ የጻፉት? ይሄ ይነበባል። አምጣ፣ አታድክመኝ።»

ሰጠኋት። ጣቷ በስሞቹ ላይ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። የስፌት መኪናዋ ጎማ ቀድሞ በሰጠችው ግፊት ትንሽ ዞሮ እሱም ቆመ። እኔ ጩኸት ስጠብቅ ነበር። «እሱ ሆኖ ነው እኔን መካን ያሰኘኝ?» ብላ ካውያውን ወደኔ ትወረውራለች ብዬ አጎንብሼ ነበር።

«ያመዋል?» አለች።

«ዕቃ ካነሳ…»

«ግራ እግሩን ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው፤ አውቃለሁ።»

ይኸው ነው። ሌላ የለም። ፊቷ ላይ ንዴት ፈለግሁ፤ መደንገጥ ፈለግሁ። ያየሁት ድካም ነው፤ ሩቅ አገር ሄዶ የነበረ መልእክተኛ በመጨረሻ ሲደርስ፣ የሚጠብቀው ሰው ፊት ላይ የሚታየው ዓይነት ድካም። ያኔ ግን አልገባኝም። ጠልታዋለች፣ አበቃለት፣ ጨረሰች አልኩ በሆዴ።

መሳቢያዋን ሳበችና ቀይ ክር አወጣች።

«ሂድ አሁን። ሥራ አለብኝ።»

*

በማግስቱ ጠዋት አስገባሁት። ለእናቱ ቧንቧ ላመጣ ነው ብሎ ነው የወጣው። ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ፤ «ያዝልኝ» አለ፣ እንደ ሕፃን ልጅ አሳቅፎኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ አስተኚው ናቸው፤ ማደንዘዣ የሚሰጡት ሰውዬ ማለቴ ነው። እሳቸው እንደኔ አይደሉም፤ «ትንሽ ይወጋል» ብለው ትንሽ የሚወጉ ሰው ናቸው።

ከወገቡ በታች አደነዘዙት። ራሱን ግን አያስተኙትም፤ ነቅቶ ነው። ሐኪሙ የሚሠሩትን እንዳያይ ደረቱ ላይ ከዚያው ሰፊዋ ከጠቀለለችው ጥቅል የወጣ አረንጓዴ መጋረጃ ይሰቀላል፤ ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። በዚያኛው ወገን ሐኪሙ ማጉያቸው ላይ አጎንብሰው፣ ከፀጉር የማይወፍሩ ሥሮች መሀል ደህናውን ከተበላሸው እየለዩ ይቋጥራሉ። በዚህኛው ወገን በሽተኛው ጨርቅ ያያል። አንድ ሰዓት ሙሉ ከጨርቅ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ጨርቁ ላይ ደግሞ፣ ልክ በዓይኑ ትክክል፣ በቀይ ክር «ገበሩን ፍታ» የሚል ተሰፍቷል። የመጋረጃው ማሰሪያ በየትኛው በኩል እንደሚውል የምታውቀው የሰፋችው ሴት ናት፤ ጽሑፉ ወደሱ እንጂ ወደ ሐኪሙ እንዳይዞር አድርጋ ነው የሰፋችው።

ቃሉ አይደለም ያስደነገጠው፤ ስፌቱ ነው። የሰፊዋ ስፌት ጉንዳን በሰልፍ እንደሚሄድ ነው። ይሄኛው አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ወደ ግራ የተጋደመ፤ ሰካራሞች ከሠርግ ሲመለሱ ማለት ነው። እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አሁን በጀርባው ተንጋሎ ተኝቷል። የራሱን ስፌት፣ ያንን ጓዳ ተደብቆ የሰፋውን፣ እያንዳንዱን ጥምዝ አስመስላ ሰፍታለት ነበር።

አይታዋለች ማለት ነው። ያኔውኑ አይታዋለች። የሱን ስፌት ፈትታ፣ አንብባ፣ እሱ እንዳያውቅባት በሱው ጠማማ ስፌት መልሳ ሰፍታዋለች። መካን ስትባል ታውቅ ነበር። ዘመድ ፊት ዕረፊ ስትባል ታውቅ ነበር። በሩ ላይ ዞራ ስታየው ታውቅ ነበር።

እንባው በሁለቱም ጆሮው በኩል ወረደ።

«አመመህ እንዴ?» አሉት አስተኚው ጎንበስ ብለው።

«የለም።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«እያነበብኩ ነው» አለ።

*

ወደ ማገገሚያ ክፍል ስገፋው ገና እግሩ አልነቃም።

«ኮቴን» አለ። «መቀስም።»

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን ተቀደህ አሁን ልትቀድ?»

«ቱልቱላ፣ በናትህ።»

የእናቱን ስም ሳይሆን የእናቴን ስም ስለጠራ አመጣሁለት። በተንጋለለበት ገበሩን ፈታው። መጀመሪያ የሐኪሙ ውጤት ወጣ፣ እንደታጠፈ። ከኋላው ሌላ ወረቀት ነበረ። እሱ ያልከተተው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደረቱ ላይ ለብሶት የዞረ፤ ሚስማር ሲመዝን፣ ቧንቧ ሲሸከም፣ ብቻውን ሲበላ ልቡ ላይ የነበረ ወረቀት። እንዲህ ይላል፦

«ባለቤቴ ሆይ፣ ይህን የሰፋኸው አንተ መሆንህን ለማወቅ ሁለት ስፌት በቃኝ። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ፤ ይቅር በለኝ። ያንተ ነው፣ የኔ ነው ብዬ አልከራከርህም፤ አንድ ትራስ ላይ የሚያድር ሰው በሽታው አንድ ነው። ለኔ አትንገረኝ፣ አውቄዋለሁ። ለእናትህ ንገርልኝ። እኔ ብነግራቸው ስምህን ያጠፋሁ ይመስላቸዋል፤ አንተ ብትነግራቸው ግን ስሜን ከሐሜት ታወጣልኛለህ። ይህን ወረቀት የምታገኘው ልትናገር ስታወጣው ነው፤ ስለዚህ ስታነበው ተናግረሃል ማለት ነው። እስከዚያ እጠብቅሃለሁ። እስከ መቼ እንደምችል ግን አላውቅም። እኔም ይደክመኛል።»

ጮክ ብሎ አላነበበውም። ሰጥቶኝ ራሴ ነው ያነበብኩት። ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩት ለዚህ ይሆናል።

«ሁለት ዓመት» አለ፣ ጣሪያውን እያየ። «ሁለት ዓመት ደረቴ ላይ ነበረች እኮ።»

*

በሦስተኛው ቀን መደብሩ ውስጥ ተናገረ። ከባድ እንዳያነሳ ስለተከለከለ ሚስማሩን የምጭነው እኔ ነበርኩ፤ ወሬ ልትሰማ ነው የሄድከው ብትሉኝም አልክድም።

እትዬ ሚዛን ሚዛኑ ላይ ናቸው። አንድ አናጢና አንዲት ሴትዮ ተራ ይጠብቃሉ።

«እማዬ፣ ልጅ የማይወልደው እኔ ነኝ።»

«ምን?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሚዛኑ ሳይነቅሉ።

«እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። ባለፈው ቧንቧ ላመጣ ሄድኩ ያልኩሽ ቀን ኦፕራሲዮን ሆኜ ነው የመጣሁት።»

«ሰው አለ፣ በኋላ…»

«እሷንም ስትሰድቢ ሰው ነበረ።»

አናጢው ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ እሱም አያውቅም።

እትዬ የያዙትን ሚስማር ወደ ሣጥኑ መለሱት፣ አንድ በአንድ። «መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሁለት ዓመት አልፎታል።»

«እኔ ያን ሁሉ ስናገር?»

«አዎ።»

«ቤቴ ስታለቅስ? ከቤቴ ስትወጣ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ይቆጣሉ ብዬ ወደ በሩ ጠጋ ብዬ ነበር። እትዬ ሚዛን ግን ተቀመጡ። ሚስማር ሣጥን ላይ፣ ደንበኛ እያየ፣ በሥራ ሰዓት ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ አሮጊት ሆነው ታዩኝ።

«ክፉ አማት አደረግኸኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ዝም ብለህ፣ ምንም ሳትለኝ፣ ክፉ ሴት አደረግኸኝ እኮ፣ ልጄ።»

ቤቱ ውስጥ ሚዛኑ ብቻ ትንሽ ይወዛወዝ ነበር።

*

ከዚያው ወደ ጨርቅ ክፍል ሄደ። እግሩን ፈርከክ አድርጎ፣ በመሬቱ ላይ እንቁላል የተበተነ ይመስል እየተጠነቀቀ ነው የሚራመደው። እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ። ሩቅ አይደለም፤ ይሰማል።

ካውያውን ስታሳርፈው ሰማሁ።

«ቆመሃል እንዴ? ተቀመጥ። ስፌትህ ሳይድን።»

«ነገርኳት።»

እንፋሎቱ ብቻ ይተነፍሳል።

«ምን አሉ?»

«ክፉ አማት አደረግኸኝ አለችኝ።»

«እውነታቸውን ነው» አለች። «እሳቸው የማያውቁትን ነው የተናገሩት። አንተ ግን የምታውቀውን ነው ዝም ያልከው።»

«አዎ።»

«እኔም አብሬህ ዝም አልኩ። ይናገራል፣ ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ። ጠዋት ኮትህን ስታነሳ እጅህን አይ ነበር፤ ገበሩን ይነካ ይሆን ብዬ።» መሳቢያ ስትስብ ሰማሁ። «አንድ ቀን እንኳ አልነካኸውም።»

«ፈራሁ። ወንድ አይደለህም ትይኛለሽ ብዬ…»

«ወንድነትህን መች ጠየቅሁህ? ምስክርነትህን ነው የጠየቅሁህ።»

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ሲጋለጥ ሰምቼ ስቄያለሁ። ያን ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ የጫማዬን ክር ፈታሁ፣ አሰርኩ፣ ፈታሁ።

«ሐኪሙ ልጅ ብለው ቃል አልገቡልኝም» አለ። «ይበረታ ይሆናል፣ ላይበረታም ይችላል። ከሦስት ወር በፊት አይታወቅም። ይህን ሳትሰሚ ተመለሺ ብዬ እንዳልጠይቅሽ ነው።»

«ልጅ አልኩህ?»

«አላልሽም።»

«እንግዲያው ዛሬ ምንም አትጠይቀኝ። ነገ ጠይቀኝ። ከነገ ወዲያም ጠይቀኝ። ዛሬ በጣም ደክሞኛል።»

ከዚያ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁና ዘልዬ ገባሁ። የወደቀው መቀሱ ነበር። እሷ ተኩሳ የደረደረችው አረንጓዴ ጨርቅ ክምር ላይ ራሷን አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። በአንድ ጊዜ፣ እንደ ሕፃን፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ እንዳለ። እሱ አጠገቧ በርጩማ ላይ ግራ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። የተፈታውን ኮት ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከመሳቢያዋ ባወጣው ቀይ ክር ገበሩን እየሰፋ ነው። ውስጡ ምንም የለም፤ ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል፣ የገባ ሁሉ ያያቸዋል። ባዶውን ገበር ነው የሚሰፋው።

መርፌው ወጋው። «እ!» አለ። ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ሰደደችና እጁን ያዘች፤ መርፌውን ከጣቱ አራቀችና እጁን እዚያው ኮቱ ላይ፣ ከእጇ በታች አቆየችው። ተኝታ ይሁን ነቅታ እኔ አላውቅም። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ማልኩላችሁ አይደል? መሐላዬ ከበደኝ። አንዲት ነገር ጨምሬያለሁ።

ጨርቁ ላይ ቃል አልነበረም። «ገበሩን ፍታ» የምትለውን ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ሰው ያለ ቃል ይገባባል ብዬ ማመን ለእንደኔ ያለ ለፍላፊ ይከብዳል። በኋላ ራሴ ሄጄ መጋረጃውን አየሁት። በቀይ ክር የተሰፉ ሰባት ጠማማ ስፌቶች ብቻ ናቸው ያሉት፤ አንድ ፊደል የለበትም።

«እያነበብኩ ነው» ያለው ግን እውነት ነው።